የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ሁኔታ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የሚባሉት በመንግሥት በጀት በሚተዳደሩ የቅድመ አንደኛ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ቁጥራቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን ከአገሪቱ የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ትልቁን ክፍል ይይዛሉ። የሙያው ችግሮች ተብለው የሚነሱት የደመወዝ ማነስ፣ የክፍል መጨናነቅ፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የሥልጠና ድክመት፣ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ የምደባና የዝውውር አሠራር፣ የፖለቲካ ጫና እንዲሁም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጦርነት ናቸው። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ቢነገሩም አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይያያዛሉ። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የተማሪው ቁጥር ብዙ እጥፍ ሲያድግ ሕንፃው፣ መጽሐፉና በጀቱ በዚያው ልክ አላደጉም፤ ጉድለቱ በአመዛኙ የተሸፈነው ከመምህሩ ጊዜ፣ ጉልበትና ኪስ ነው።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ግምት እንደሚያሳየው እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን ያስፈልጓታል፤ ከነዚህም ውስጥ 15 ሚሊዮን የሚሆኑት ከሰሐራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች ነው። በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪካዊ አመጣጥ

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የአገሪቱ አስተማሪዎች በዋናነት የቤተ ክርስቲያን የኔታዎችና የቁርኣን ቤት ሼኮች ነበሩ። የኔታ የወር ደመወዝ አልነበራቸውም። ኑሯቸው በደብሩ መሬት፣ በምእመናን ስጦታና በተማሪዎቻቸው ጉልበት ይደገፍ ነበር፤ ተማሪውም ቁራሽ እየለመነ ይማር ነበር። የመምህር ክብር ከዚህ ዘመን የተወረሰ ነው። ከክብሩ ጋር ግን መምህር ለነፍሱ እንጂ ለሆዱ አይሠራም የሚለውም አስተሳሰብ አብሮ ተወርሷል፤ የደመወዝ ጥያቄ ሲነሳ ዛሬም ብቅ ይላል።

የመጀመሪያው የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1900ዎቹ መባቻ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ያስተምሩ የነበሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። በ1917 የተከፈተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ሥራውን የጀመረው በአብዛኛው በውጭ አገር መምህራን ነው። የጣሊያን ወረራ (1928–1933) ይህን ጅምር ቆረጠው፤ በተለይ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ በኋላ ገና መምህርና አስተዳዳሪ ሊሆኑ የነበሩ ብዙ ወጣት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ተገደሉ። ስለዚህ ከነጻነት በኋላ አገሪቱ እንደገና የውጭ መምህራን ለመቅጠር ተገደደች። እንግሊዛውያንና ህንዳውያን፣ ከ1955 ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት አስተምረዋል።

በእነዚያ ዓመታት በአንድ የአውራጃ ከተማ ውስጥ በየወሩ ደመወዝ ከሚቀበሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ መምህሩ ነበር። ኮትና ከረባት የሚለብሰው፣ ጋዜጣ የሚያነበው፣ ደብዳቤና አቤቱታ የሚጽፈው እርሱ ነው። ልጅ ለመዳር የሚፈለግ ሰው ነበር። ዛሬ በዕድሜ የገፉ ጡረተኞች ስለ ሙያቸው ሲናገሩ የሚያነጻጽሩት ከዚህ ዘመን ጋር ነው።

የ1966 አድማ

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ተመሠረተ። ማኅበሩ በአገሪቱ ታሪክ ጉልህ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1966 ነው። በዚያ ጊዜ መንግሥት «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ አዘጋጅቶ ነበር። ዕቅዱ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት በማዳረስ ላይ ያተኮረ ሲሆን መምህራን ሁለት ነገር አዩበት፤ የድሃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ በሩ ሊዘጋበት ነው፣ የራሳቸውም ደመወዝና የሥራ ደረጃ ዝቅ ሊል ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ የተቆጡት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን አድማ መቱ። መንግሥት ዕቅዱን አዘገየ፤ ከቀናት በኋላም የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ሴክተር ሪቪው በመምህራን ዘንድ የተጠላ ይሁን እንጂ ያነሳው ጥያቄ አልጠፋም። በአነስተኛ በጀት ብዙ ሕፃናትን ማስተማር የሚቻለው እንዴት ነው? ከሃያ ዓመት በኋላ ሌላ መንግሥት ያንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ መልሶታል፤ ሁሉም ገብቶ ይማር፣ መምህሩም ያለውን ይዞ ያስተምር የሚል መልስ ነበር።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ መምህራንና ተማሪዎች በ1967 በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በእነርሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። ይህ ዘመቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጠረና ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ግን በርካታ መምህራን በፖለቲካ ድርጅት አባልነት ተጠርጥረው ተገድለዋል፣ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤቶች መምህር ሐሳቡን በግልጽ ለመናገር የሚያደርገው ጥንቃቄ የዚህ ዘመን ትዝታ ነው ማለት ይቻላል።

የተማሪ ቁጥር መጨመርና የክፍል መጨናነቅ

በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአሁኑን ትምህርት ቤት መልክ የቀረጸ ሰነድ ነው። የትምህርት ክፍያ እስከ 10ኛ ክፍል ቀረ፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተስፋፋ። በፖሊሲው መጀመሪያ ዓመታት ሦስት ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በሃያ ዓመት ውስጥ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በገጠር ያሉ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት የገቡት በዚህ ወቅት ነው፤ ይህ በቀላሉ የሚታይ ውጤት አይደለም።

የመንግሥት መለኪያ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ እንዲሆን ያዝዛል። በብዙ ቦታ ግን ስድሳና ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ከዚያም የሚበልጥበት ክፍል አለ። ለሦስት የተሠራ ዴስክ አራትና አምስት ተማሪ ይይዛል፤ ቀሪው ድንጋይ ወይም ግንድ ላይ ይቀመጣል። ክፍል ሲያንስ ትምህርቱ በፈረቃ ይሆናል፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። መምህር በሚያንስበት ትምህርት ቤት ያው አንድ መምህር በሁለቱም ፈረቃ ይገባል።

ይህ ለመምህሩ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሂሳብ ማየት ይቻላል። አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር አምስት ክፍል ቢይዝና በየክፍሉ ስድሳ ተማሪ ቢኖር 300 ተማሪ አለው። የቤት ሥራ ሰጥቶ ለእያንዳንዱ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢያውል እርማቱ 15 ሰዓት ይፈጃል። ሥርዓቱ ደግሞ «ተከታታይ ምዘና» ይጠይቃል፤ ማለትም ተማሪው በአንድ ፈተና ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ በአጫጭር ፈተና፣ በቤት ሥራ፣ በቡድን ሥራና በተሳትፎ እንዲመዘን። በሠላሳ ተማሪ ክፍል ጥሩ የሚሠራ ዘዴ ነው። በሰባ ተማሪ ክፍል ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ማርክ ሊስቱን መሙላት ነው።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ለአንድ ክፍል ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ተማሪዎች ደግሞ በነጻ ዝውውር፣ ማለትም ሳይወድቁ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲያልፉ ተደርጎ ቆይቷል። ዓላማው ሕፃናት ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጡ ነበር። ሆኖም በ2002 በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የተካሄደው የንባብ ምዘና እንዳሳየው ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ያልቻለው ልጅ በነጻ ዝውውር 4ኛ ክፍል ሲደርስ እርሱን የሚረከበው መምህር የራሱን መጽሐፍ ያስተምር ወይስ ወደ ፊደል ገበታ ይመለስ የሚል ምርጫ ይገጥመዋል። መጽሐፉን መጨረስ ደግሞ ግዴታ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ የሚጠይቀው «የት ምዕራፍ ደርሰሃል?» ብሎ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ባወጣው የደረጃ ምደባ አብዛኞቹ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚጠበቀው ደረጃ በታች ናቸው። በርካቶቹ ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩ ሲሆን ውሃና መብራት የሌላቸው ብዙ ናቸው። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው በጊዜ አልደረሱም። የመጽሐፉ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይሰራጭ ስለነበር ስማርት ስልክ ያለው መምህር ከስልኩ እያነበበ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጥ ነበር። ስልኩም የኢንተርኔቱም ካርድ የራሱ ነው።

መምህር የሚሆነው ማን ነው?

ለተስፋፋው ትምህርት ቤት በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ መምህር ማፍራት ያስፈልግ ነበር። ቀደም ሲል የመጀመሪያው ሳይክል (1ኛ–4ኛ) መምህር 10ኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት የሠለጠነ ነበር፤ በኋላ ይህ በ«10+3» ዲፕሎማ ተተካ። ለሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። ከ2003 ጀምሮ በተሞከረው አሠራር ደግሞ በፊዚክስ፣ በታሪክ ወይም በሌላ ትምህርት ዲግሪ የያዘ ሰው አንድ ዓመት ያህል የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ወስዶ መምህር ይሆናል።

የሥልጠናው ርዝመት ብዙ ጊዜ ያከራክራል። ዋናው ጥያቄ ግን ወደ ሥልጠናው የሚገባው ማን ነው የሚለው ይመስላል። ከፍተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ ሕግ ወይም አካውንቲንግ ይመርጣል፤ የመምህርነት ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በመጨረሻ ምርጫው ለተመደበው ነው። 12ኛ ክፍል ለመቀጠል ውጤት ያልመጣለት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የመምህራን ኮሌጅ መግባቱም የተለመደ ነበር። የአንድ ዓመቱ ዲፕሎማም ቢሆን ለብዙዎች ሌላ ሥራ እስኪገኝ መሸጋገሪያ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ መካከል ሙያውን ወዶ የገባ፣ ገብቶም የወደደው አለ፤ ጎበዝ መምህር ያላየ ትምህርት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ሥርዓቱ ግን ጎበዞቹን የሚስብበት መንገድ አላበጀም።

ውጤቱ ዞሮ ይመጣል። ደካማ መሠረት ይዞ ያለፈ ተማሪ መምህር ይሆናል፤ እርሱም ቀጣዩን ትውልድ ያስተምራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ ሁኔታው ግልጽ ሆነ። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የሕዝቡ ቁጣ በመጀመሪያ ያረፈው በመምህራን ላይ ነው። መምህራኑ በበኩላቸው ተማሪው 12ኛ ክፍል የደረሰው በአንድ ዓመት ሳይሆን በአሥራ ሁለት ዓመት እንደሆነ ያስታውሳሉ። መንግሥት መምህራንን በሙያ ፈቃድ ፈተና መመዘን፣ የክረምት ሥልጠና መስጠትና ኮተቤን የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ማድረግን የመሳሰሉ እርምጃዎችን ወስዷል። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (በመምህራን አፍ «ተሙማ») የሚባለውም አለ። በብዙ ትምህርት ቤት ተሙማ በየዓመቱ የሚሞላ ፋይል ሆኖ ቀርቷል።

የማስተማሪያ ቋንቋና ፕላዝማ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ቋንቋዎች ይሠራባቸዋል። በኦሮሚያና በትግራይ ተማሪዎች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ በአዲስ አበባ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ከ9ኛ ክፍል በኋላ በሁሉም ቦታ እንግሊዝኛ ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለሕፃናት እንደሚጠቅም ብዙ ጥናት ያረጋገጠ ጉዳይ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ተማሪውም መምህሩም በቂ እንግሊዝኛ ሳይዙ 9ኛ ክፍል በር ላይ ሲገናኙ ነው። የባዮሎጂ መምህሩ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ያብራራል፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ያወጣል። ተማሪው ጽንሰ ሐሳቡን ገብቶት ጥያቄው ግን ላይገባው ይችላል።

ለዚህና ለመምህር እጥረት መፍትሔ ተብሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጣው «ፕላዝማ» ነው። በሳተላይት የሚተላለፍ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ በተሰቀለ ትልቅ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና እንግሊዝኛን ጨምሮ በርካታ ትምህርቶች በዚህ መንገድ ተሰጡ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ሥርጭቱ ሲሆን ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው።

የፕላዝማ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ሙከራ በምስል አይቷል፣ በገጠርና በከተማ ያለውም ተማሪ ያንኑ ትምህርት በአንድ ሰዓት አግኝቷል። ነገር ግን ሥርጭቱ ቆም አይልም፣ አይደገምም፣ ጥያቄ አይቀበልም። በስክሪኑ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ አቅርባ ጥቂት ሰከንድ ጠብቃ «በጣም ጥሩ» ብላ ትቀጥላለች፤ ክፍሉ ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ነው። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ ሥርጭቱ ግን ነገ ከሚቀጥለው ትምህርት ይጀምራል። ብዙ መምህራን በዚያ ዘመን ራሳቸውን ሪሞት ያዥ ብለው ይቀልዱ ነበር። ከቀልዱ ጀርባ ያለው ነገር ከባድ ነው። ጀማሪ መምህር ማስተማር የሚማረው ክፍል ውስጥ በማስተማር ነው፤ ፕላዝማው ያንን ዕድል ለዓመታት ወስዶበታል። መሣሪያዎቹ እየተበላሹ ሲሄዱና አሠራሩ ሲላላ ትምህርቱ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ የልምዱ ክፍተት ግን አብሮት ነበር።

ደመወዝና ኑሮ

የመምህራን የደመወዝ ስኬል የሚወጣው በፌዴራል ደረጃ ነው። መሰላሉ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር አልፎ ወደ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል። አንዱን ደረጃ ለመውጣት በአማካይ ጥቂት ዓመታት ስለሚፈጅ ጫፉ ላይ መድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ደመወዙ የሚከፈለው ግን ከወረዳ በጀት ነው። ክልሉ ለወረዳው ጥቅል በጀት ይሰጣል፤ ወረዳው ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ለደመወዝ ያውላል፣ ከደመወዙም ውስጥ ትልቁ የመምህራን ነው። በመሆኑም ወረዳው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚነካው መምህሩ ነው።

ከ2015 ወዲህ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል፣ በተለይ በወላይታ ዞን፣ ደመወዝ በወራት መዘግየቱ ወይም ተቆራርጦ መከፈሉ የመምህራን ተቃውሞ አስነስቷል። ለመዘግየቱ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ገበሬዎች ያልመለሱት የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ከአካባቢው በጀት ላይ መቆረጡ ነው። ማዳበሪያ ያልወሰደ መምህር በማዳበሪያ ዕዳ ደመወዙ ሲቀር ማለት ነው።

ደመወዙ በጊዜ ሲመጣም ዋጋው ራሱ ቀንሶ ይደርሳል። በ2014 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መንግሥት ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ ጨምሯል፤ የዋጋው ጭማሪ ግን ቀድሞ ሄዷል። ከደመወዙ ላይ ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር ይቆረጣል። ለዓመታት ግብር የማይከፈልበት ወርሃዊ ገቢ 600 ብር ብቻ ነበር፤ ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ነው። ከ2003 ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ የወር ደመወዝን በቦንድ መስጠትም ነበር። ብዙ መምህራን ይህን በኩራት ያነሱታል። የሚያማርራቸው ለልማት፣ ለስፖርት፣ ለበዓል እየተባለ ሳይጠየቁ ከደመወዝ የሚቆረጠው ነው።

መምህራን ይህን የሚያልፉት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። በከተማ ማምሻውን ቤት ለቤት የሚያስጠኑ፣ ቅዳሜና እሑድ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አሉ። ባጃጅ የሚነዱ፣ ድለላ የሚሠሩ፣ በቀን ሥራ የሚሰማሩም አሉ። በገጠር እርሻ የእኩል የሚይዝ መምህር ብዙ ነው። ዕቁብና የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር የወር መጨረሻን ለመሻገር የሚረዱ ሁነኛ ተቋማት ናቸው። ኪራዩ ደመወዙን የሚያህልበት ከተማ የተመደበ ጀማሪ መምህር ከሦስትና ከአራት ባልደረባ ጋር በአንድ ክፍል መኖሩ የተለመደ ነው። የተሻለ ያገኘ ወደ ግል ትምህርት ቤት፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ሂሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩት ቀድመው ይለቃሉ፤ በሌላ ሥራ የሚፈለጉት እነርሱ ናቸውና።

ምደባና ዝውውር

አዲስ ተመራቂ መምህር የሚመደበው ብዙውን ጊዜ በዕጣ ነው። ዕጣው መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሊያደርሰው ይችላል። ሰነዶች እንዲህ ያለውን ቦታ «በረሃማና አስቸጋሪ» ይሉታል፤ በአንዳንድ ክልሎች ለዚያ አበል ይከፈላል። መምህሩ ከወረዳው ከተማ ደመወዙን ለመቀበል ሰዓታት በእግር ይሄዳል፤ ሄዶም ገንዘቡ አልገባም ሊባል ይችላል። ተማሪዎቹ በእርሻና በአዝመራ ወቅት ይጎድላሉ።

ዝውውር በነጥብ ነው፤ የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም፣ የጤናና የትዳር ሁኔታ ይቆጠራሉ። የትዳር አጋሮች በተለያየ ወረዳ ወይም ክልል ተመድበው ዓመታት ተለያይተው የሚኖሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ክልል ማቋረጥ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ የመምህር ቅጥር የክልል ሥልጣን በመሆኑና የማስተማሪያ ቋንቋም ስለሚለያይ። ለሴት መምህራን የሩቅ ቀበሌ ምደባ ከደኅንነት ሥጋት ጋር ስለሚመጣ ብዙዎቹ ከተማ አቅራቢያ ይቀራሉ ወይም ይለቃሉ። በሁለተኛ ደረጃ የሴት መምህራን ድርሻ ከአንደኛ ደረጃው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በመሆኑም አንዲት የገጠር ተማሪ ሴት የሂሳብ መምህር ሳታይ 12ኛ ክፍል ልትጨርስ ትችላለች።

ከማስተማር ውጭ ያለ ሥራና የፖለቲካ ጫና

በገጠር ቀበሌ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችልና መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው ሰው መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የግብርና ባለሙያ ነው። ስለዚህ ለሕዝብ ቆጠራ፣ ለምርጫ፣ ለምዝገባ፣ ለተፋሰስ ሥራ ቅስቀሳ የሚፈለገው መምህሩ ነው። በኢሕአዴግ ዘመን «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ትምህርት ቤት ውስጥ ገብቶ መምህሩንም ተማሪውንም በቡድን አደራጀ። ለጥናት ይጠቅማል ተብሎ የተጀመረ ቢሆንም ብዙዎች የመከታተያ መንገድ አድርገው ያዩት ነበር። ርእሰ መምህርነትም ለረጅም ጊዜ ከፓርቲ አባልነት ጋር ሲያያዝ ቆይቷል።

የማኅበሩ ታሪክ ይህንኑ ጫና ያሳያል። ከ1983 በኋላ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከመንግሥት ጋር ሲጋጭ በዚያው ስም ሌላ ማኅበር ተቋቋመ፤ ለዓመታትም ስለ ስምና ስለ ንብረት በፍርድ ቤት ክርክር ነበር። የነባሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ታስረው የተፈቱት በ1994 ነው። ሌላው የማኅበሩ መሪ አሰፋ ማሩ በ1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ክርክሩ በ2000 ስሙ ለአዲሱ ማኅበር እንዲሆን በመወሰኑ አበቃ። አሁን ያለው ማኅበር በደመወዝ፣ በመኖሪያ ቤትና በዝውውር ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ይነጋገራል፤ አድማ ግን አይጠራም። በየአካባቢው ደመወዝ ሲዘገይ የሚታየው የሥራ ማቆም ብዙውን ጊዜ ከማኅበሩ ውጭ በመምህራኑ በራሳቸው የሚደረግ ነው።

ጦርነትና ግጭት

በትግራይ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ በኮቪድ ምክንያት፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በቆየው ጦርነት ለሦስት ዓመት ገደማ ተዘግተዋል። ሕንፃዎች ፈርሰዋል ወይም የተፈናቃይ መጠለያና የጦር ሰፈር ሆነዋል። መምህራን በጦርነቱ ጊዜ ያልተከፈላቸው የ17 ወር ደመወዝ ከሰላም ስምምነቱ በኋላም ዋና ጥያቄ ሆኖ ቆይቷል፤ የክልሉ መምህራን ማኅበር ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶታል። ትምህርት ሲከፈት ወደ ክፍል የተመለሰው መምህር ፊቱ ያገኘው 8ኛ ክፍል እያሉ አቋርጠው አሁን የ17 ዓመት ወጣት የሆኑ ተማሪዎችን ነው።

በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በተነሳው ግጭት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቁመው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። የክልሉ መምህራን በሁለት በኩል ይጠየቃሉ፤ ትምህርት ቢያስጀምሩ በአንዱ ወገን፣ ባያስጀምሩ በሌላው። የታገቱ፣ የተገደሉ፣ ደመወዛቸው የተቋረጠባቸውም አሉ። በኦሮሚያ ምዕራባዊ ዞኖችም ተመሳሳይ ሁኔታ ለዓመታት ቆይቷል። በእነዚህ አካባቢዎች ያሉ ብዙ መምህራን ወደ ዞን ከተሞች ሸሽተው ትምህርት ቤታቸው እስኪከፈት ይጠባበቃሉ፤ አንዳንዶቹ በተፈናቃይ መጠለያ ውስጥ ሕፃናትን ሰብስበው በጊዜያዊ ዳስ ያስተምራሉ።